የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ለምን ይታዘዛል? ዋጋውስ በምን ይወሰናል?

በማገለግልበት አጥቢያ ያሉ አንዲት እናት ልባቸው ያለ ልክ ይመታባቸው፣ ዳገት ሲወጡም ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪሙ «ኢሲጂ ተነሥተው ይምጡ» ብሎ ወረቀት ጻፈላቸው። እርሳቸው ግን ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሦስት ሳምንት ቆዩ። ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄጄ «እማማ፣ ለምን አልሄዱም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚመረምሩት አሉ። ደግሞ የልብ ነገር ገንዘብ ይጨርሳል፤ ልጆቼን አላስቸግርም» አሉኝ። በማግስቱ አብረን ሄድን። ምርመራው ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የልባቸው ምት ሥርዓቱን የሳተ መሆኑ ታወቀ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትም ተጀመረላቸው። ያ ሦስት ሳምንት ያለ አደጋ ስላለፈ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኚህን እናት ያስቀራቸው ሁለት ፍርሃት ነው፤ አንደኛው የምርመራው ፍርሃት፣ ሁለተኛው የዋጋው ፍርሃት። ብዙዎቻችንም በእነዚህ ሁለት ነገሮች እንቸገራለንና ቀጥሎ በየተራ እንመልከታቸው።

1. ኢሲጂ ምንድን ነው?

ልባችን የሚመታው በራሱ ውስጥ በሚፈጠር እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በላይኛው የቀኝ የልብ ክፍል የምት መነሻ የሆነ ስፍራ አለ። ከዚያ የሚነሣው ኃይል መጀመሪያ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች፣ ቀጥሎም ሁለቱን የታችኛ ክፍሎች እያነቃቃ ያልፋል፤ ልብም ተኮማትሮ ደም ይረጫል። ኢሲጂ ይህን ጉዞ ከቆዳ ላይ አንሥቶ በወረቀት ላይ በመስመር የሚያሰፍር መሣሪያ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ መሣሪያው ወደ ሰውነታችን ምንም ኤሌክትሪክ አይለቅም። ከእኛ የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ። ጨረርም የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ሆነ ለሕፃን ጉዳት የለውም። ለሕክምና በሚሆን መልኩ የሠራው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም አይንትሆቨን ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

2. እንዴት ይሠራል?

ተመርማሪው ጋደም ይላል። በሁለቱ እጆችና በሁለቱ እግሮች ላይ አራት፣ በደረት ላይ ስድስት፣ በድምሩ 10 ማያያዣዎች ይለጠፋሉ። ከእነዚህ ከ10 ነጥቦች መሣሪያው ልብን በ12 አቅጣጫ ይመለከታል። በሚቀረጽበት ጊዜ ዝም ብሎ መተኛትና አለመናገር ያስፈልጋል፤ መንቀጥቀጥ መስመሩን ያበላሻልና። መጾም አያስፈልግም። በዚያን ቀን ደረት ላይ ቅባት ወይም ሎሽን አለመቀባት ግን ይጠቅማል። ደረት ስለሚገለጥ እኅቶች ከላይ የሚከፈት ልብስ ቢለብሱ ይቀላቸዋል፤ ሴት ባለሙያ እንድትሠራላቸው መጠየቅም ይችላሉ።

ወረቀቱ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ያሉትን አራት ማዕዘኖች እየቆጠረ የልብን ፍጥነትና ሥርዓት ያነባል። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል።

3. ምን ያሳያል?

ሀ. የምት መዛባትን። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ሲርገበገቡ ደም በዚያ ተጠራቅሞ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያመጣል። የእኚያ እናት ሕመም ይህ ነበር።

ለ. የልብ ድንገተኛ ሕመምን። የልብ ጡንቻን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ በመስመሩ ላይ ለውጥ ይታያል። ስለዚህም ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሣ ይመከራል።

ሐ. የልብ ግድግዳ መወፈርን። ደም ግፊት ለብዙ ዓመት ሳይታከም ሲቆይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

መ. የደም ውስጥ ፖታሲየም መዛባትንና የመድኃኒት ተጽዕኖን። የኩላሊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ቤዳኩሊን የሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው ኢሲጂ የሚታዘዝላቸው ስለዚህ ነው።

4. የማያሳየውስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ኢሲጂ የሚቀርጸው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ልብዎ በሳምንት አንድ ቀን ሌሊት የሚዛባ ከሆነ፣ ቀን የተነሡት ወረቀት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ከሰውነት ጋር ታስሮ የሚቆይ ሆልተር የሚባል መሣሪያ ይታዘዛል። የልብ በሮችን ሁኔታም ኢሲጂ በቀጥታ አያሳይም፤ ለዚያ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ያስፈልጋል። በአገራችን በልጅነት ከሚከሰት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚጎዳው ሕመም ብዙ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ከኢሲጂ በኋላ ኢኮ ቢጨምር ገንዘብ ፈልጎ ነው ብለን አንቸኩል።

ከሁሉም በላይ፣ አንድ ንጹሕ ኢሲጂ የልብ ድንገተኛ ሕመም የለም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው ይደገማል፤ የደም ምርመራም ይጨመራል።

5. ዋጋው በምን ይወሰናል?

ከልብ ምርመራዎች መካከል ኢሲጂ እጅግ ቀላሉና ርካሹ ነው፤ ኢኮም ሆልተርም ከእርሱ ይወደዳሉ። ዋጋው ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ አንዱ የመቅረጹ ሥራ ሲሆን ሌላው ወረቀቱን አንብቦ ውጤት የሚጽፈው ሐኪም ሥራ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ማንበቡን ይጨምራል ወይ? የካርድና የሐኪም ክፍያው ለብቻው ነው ወይ? ወረቀቱ ለእኔ ይሰጠኛል ወይ?

በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታልና በግል ክሊኒክ መካከል የዋጋ ልዩነት አለ፤ ከግል ክሊኒክ ክሊኒክም ይለያያል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ፣ የሪፈር ሥርዓቱን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ከጤና ጣቢያ ሳትላኩ በቀጥታ ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ለአንድ ኢሲጂ ሁለት ሂሳብ መጥቶላችሁ ግራ ተጋብታችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 93005 የሚለው ቁጥር የመቅረጹን፣ 93010 የማንበቡን፣ 93000 ደግሞ የሁለቱን አንድ ላይ ክፍያ ያመለክታል። ለአንድ ምርመራ 93000 ተጽፎ እንደ ገና 93010 ከተጨመረ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ሌላው የገንዘብ ቁጠባ፣ የማያስፈልገውን አለመሠራት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አማካሪ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ምልክት የሌለውና ለልብ ሕመም ያለው ስጋት ዝቅተኛ የሆነ ሰው ለምርመራ ያህል ብቻ ኢሲጂ ባይነሣ ይሻላል ብሏል። ጥርጣሬ ላይ የተመሠረተ የውሸት ውጤት ወደ ሌላ ውድ ምርመራ ሊመራ ይችላልና። ደግሞም የተነሣችሁትን ወረቀት አትጣሉ፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል።

6. የማይዘገይበት ጊዜ

ደረት መሐል የሚጫን ወይም የሚያጨንቅ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከቀዝቃዛ ላብ ጋር የመጣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገት ራስን መሳት፣ እነዚህ ሲታዩ ዋጋ የማነጻጸሪያ ጊዜ አይደለም። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማደር ሕይወት ያስከፍላል። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም ሴቶች፣ ደረታቸውን ሳያማቸው በድካምና በማቅለሽለሽ ብቻ ሊጀምራቸው ይችላል። ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በመጨረሻም

ተወዳጆች ሆይ፣ መጸለይና መመርመር አይጣሉም፤ ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነበር። የተጀመረን የልብ መድኃኒትም «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ ለሐኪሙ ሳይነገር አይቁም። በየቤታችሁም ሆነ በየኅብረታችሁ ወረቀት ተጽፎላቸው ያልሄዱ አባቶችና እናቶች ይኖራሉ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እጃቸውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት አንዱን ጠይቁ፤ ወረቀቱ በነጠላ ጫፍ ታስሮ ይሆናልና።