ኦምዱርማን የደረሰው የወፍ መልእክት

በየዓመቱ መጸው ሲገባ ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚነሡ ወፎች የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በካርቱም ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘው አል-ማንሺያም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ወፎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ በእርግጥ መታወቅ የጀመረው ግን ምልክት እያሰሩ መልቀቅ ከተለመደ በኋላ ነው። ከዚህ ሥራ ቀደምት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው ከአል-ማንሺያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ በኦምዱርማን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1892 ፍሪድሪክ ፋልዝ-ፋይን የተባለ ባለ ርስት፣ ዛሬ በደቡብ ዩክሬን በሚገኘው አስካኒያ ኖቫ ያሳደገውን ክሬን የተባለ ባለ ረጅም እግር ተጓዥ ወፍ ትንሽ የብረት መያዣ አስሮ ለቀቀው። በመያዣው ውስጥ የነበረው ወረቀት፣ ወፉን የያዘ ወይም የገደለ ሰው የት እንዳገኘው እንዲያስታውቅ በበርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች ይጠይቅ ነበር።

ወፉ ዶንጎላ አካባቢ ተገደለ፤ መልእክቱም ለመሐዲያው ገዥ ለኸሊፋ አብዱላሂ ተላከ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ከወደቁ ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር፤ ከባዕድ አገር የመጣ ወረቀት ሁሉ የሚያጠራጥርበት ዘመን ነው። ኸሊፋው ወረቀቱን እንዲያነብ የሰጠው ለኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን ነበር። ስላቲን የዳርፉር ገዥ ሳለ ለመሐዲ ኃይል እጁን ሰጥቶ፣ ለዓመታት በኸሊፋው ደጅ እየተጠበቀ የኖረ ምርኮኛ ነው። ለእርሱ ንባቡ ቀላል ነበር፤ የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። አንድ ሰው የወፍን ጉዞ ለማወቅ ብቻ ይህን ያህል ይደክማል ብሎ በዚያ አደባባይ ማን ያምናል? ኸሊፋውም ነገሩን የኢ-አማንያን ከንቱ ድካም ነው ብሎ ናቀው። ስላቲን ግን በ1895 አምልጦ፣ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ታሪኩን ለዓለም አቆየ።

በ1899 የዴንማርኩ መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን በ165 ወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት አሰረ፤ ሥራውም ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ያዘ። ትንንሽ ዘማሪ ወፎች በቀላሉ በማይታይ ስስ መረብ ይያዛሉ፤ በጨርቅ ከረጢት ጥቂት ይቆያሉ፤ ክንፋቸው ተለክቶ፣ ክብደታቸው ተመዝኖ፣ ቀለበቱ ታስሮላቸው ይለቀቃሉ። በ1970ዎቹ ጆን አሽ በኢትዮጵያ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ጌርሃርድ ኒኮላውስ በሱዳን ይህንኑ ሠርተዋል። ኒኮላውስ የሱዳንን ወፎች ሥርጭት የሚያሳይ አትላስ በ1987 አሳትሟል።

ቀለበት ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱ ያለው ወፉን ባገኘው ሰው እጅ ነው። በ2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን ነዋሪ በየአቅጣጫው በትኗል፤ ወፎቹ ግን የቀድሞ መንገዳቸውን አልተዉም። ባለ ቀለበት ወፍ የገጠመው ሰው የቀለበቱን ጽሑፍና ቁጥር፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ በቀለበቱ ላይ ወደ ተመለከተው አድራሻ ቢልክ፣ ወፉም በሕይወት ካለ ቀለበቱን ሳይፈታ ቢለቀው፣ ከስላቲን የሚጠበቀውን ያህል ሠራ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ፍርሃት።