የቆጋ ጨፌና የዳንግላው ቆንስል

ወፍ ለማየት ጎጃም እወርዳለሁ ስል ያልሳቀብኝ ወዳጅ የለም። ያውም በሐምሌ! መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጉም፣ ገበሬው ከእርፉ ቀና የማይልበት ወር። ዳሩ ግን የጨፌ ወፍ ጎጆ የሚሠራው ሣሩ ሥር ውኃ ሲተኛ ነውና፣ ክረምትን የፈራ አያየውም።

ቆጋ በመራዊ አጠገብ አልፎ ግልገል ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እየመሩኝ ከግድቡ በላይ ባለው ጨፌ ዳር ስንሄድ፣ በመጀመሪያ ያገኘናት ጉሮሮዋ ቢጫ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች የምትመስል ትንሽ ወፍ ነበረች። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ጀርመናዊው ሩፔል ለሳይንስ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1840 ነው።

ጥቂት እንደሄድን ሽማግሌው ክንዴን ያዙ። «ዝም በል ልጄ፣ ጣትህን አትቀስር!»

ቄጠማው መካከል ሁለት ታላላቅ ወፎች ቆመዋል። አንገታቸው ነጭ፣ ከአገጫቸው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባቸው፣ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ረጅሞቹ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚያሳድጉት ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ጫጩቷም እስክትበር ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። አንድ የከብት ኮቴ የዓመት ልፋታቸውን ያጠፋዋል ማለት ነው።

በዚህ አገር ወፎችን እየለየ የመዘገበ ሰው ከዚህ ቀደም ነበር። ሮበርት ቺስማን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ነው። መንግሥቱ ዓይኑን የጣለው በውኃው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተዋል፤ እንግሊዝ ራሷ ግን ጣናን መገደብ ትሻ ነበር። ቆንስሉ የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎው እየዞረ ካርታ አነሣ፤ በመንገዱም ወፍ ሰበሰበ። ዝርዝሩን ከስክሌተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 «ኢቢስ» በተባለው የእንግሊዞች የወፍ ጥናት መጽሔት አወጣ።

ለውኃ የተላከው ሰው የወፍ መዝገብ ትቶ ሄደ። ግድቡም ኋላ በኛው እጅ መጣ፤ ጣና ላይ ሳይሆን ቆጋ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ሲሠራ፣ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነው።

«ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ጨፌ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው። «ዛሬ ግማሹ ሐይቅ፣ ግማሹ እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል። ልጆቼ በመስኖው በበጋ ያመርታሉና ግድቡን አልጠላውም። ወፉ ግን የት ይግባ?»

መልስ አልነበረኝም። ስንት ጥንድ እንደነበሩ፣ የትኛው ጨፌ መቼ እንደታረሰ እሳቸው ያውቃሉ፤ ከአፋቸው ተቀብሎ የጻፈ ግን የለም። ከዘጠና ዓመት በፊት እዚህ ምን ወፍ እንደነበረ ለማወቅ የባዕድ ቆንስል ደብተር እንገልጣለን። የዛሬውን ለማወቅስ ልጆቻችን የማንን ይገልጡ ይሆን?

ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን፣ ቦታውንና «ሁለት» የሚለውን ቁጥር ጻፍሁ። ሽማግሌው አጎንብሰው አዩት።

«በኅዳር ተመለስ» አሉኝ። «እግዜር ካለ ሦስት ብለህ ትጽፋለህ።»