መሬት የደበቀውን ሲያወጣ፦ ከበቾ መረሬ እስከ መልካ ቁንጡሬ

እንደሚታወቀው አርሶ አደር በየዓመቱ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ድንበር ላይ ይከምራል። በዓመቱ ሲመለስ ግን መሬቱ ድንጋይ የሚያበቅል እስኪመስል ድረስ ሌላ ይጠብቀዋል። ይህ ተአምር አይደለም፤ የአፈሩ ጠባይ ነው።

ከሰበታ በስተደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው የበቾ ሜዳ አብዛኛው መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ አፈር ይገኛል። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ከላይ ደቃቅ አፈር ይገባል። በቀጣዩ ክረምት አፈሩ ሲያብጥ ታች ቦታ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይገፋል፤ ድንጋዩንም አብሮ ያነሣዋል። ትልቁ ድንጋይ በስንጥቁ ተመልሶ ስለማይገባ ከዓመት ዓመት ወደ ገጽ ይወጣል። ትንሹ ዕቃ ግን በስንጥቁ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በመረሬ መሬት አንድ ዕቃ በጥልቀት መገኘቱ ብቻ ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም። በቀዝቃዛ አገሮች ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ውርጭ ነው።

ሁለተኛው አውጪ ጎርፍና ወንዝ ነው። ለዚህ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኘው መልካ ቁንጡሬ የተሻለ ምስክር የለም። አዋሽና ገባሮቹ ዳርቻውን እየሸረሸሩ በደለልና በእሳተ ገሞራ አመድ ሥር ተቀብረው የነበሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 እነዚህን ያስተዋለው ሆላንዳዊው የውኃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነበር። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለረጅም ዓመታት መሩት። በ1981 ጋርባ በተባለው ሥፍራ የሕፃን መንጋጋ ተገኘ፤ በ2023 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል። በአቅራቢያው ባለው ባልጪት ደግሞ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ጥቁር ባልጩት በብዛት ይገኛል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመንጋጋው ዕድሜ የታወቀው ከላይና ከታች ያሉት የደለልና የአመድ ንጣፎች ተመርምረው ነው። ድንጋዩ ወይም አጥንቱ ከቦታው ከተነሣ ዕድሜውን የሚናገርለት ምስክር ያጣል። ቅርሱን የገለጠው ጎርፍም ካልተገታ ጠርጎ ይወስደዋል። በመሆኑም እርከንና ክትር መሥራት ለምርት ብቻ ሳይሆን ለታሪክም ጥበቃ ነው።

የተቀበረውን ቀድሞ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ተመራማሪው ሳይሆን አራሹ፣ እርከን ቆፋሪውና እረኛው ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለግንባታ መሠረት የሚቆፍረውም እንዲሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ያስረከበ ሰውም ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጠው ይደነግጋል።

ስለዚህ አባላት የተለየ ቅርጽ ያለው ድንጋይ፣ ሸክላ ወይም አጥንት ሲያጋጥማቸው ባለበት ትተው፣ ቦታውን ምልክት አድርገው ለቀበሌና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊያሳውቁ ይገባል። ኃላፊዎችም ጥቆማው ሲደርሳቸው ክረምት ሳይቀድማቸው ሊደርሱ ይገባል። መሬት በሺህ ዘመናት ያወጣችውን በአንድ ቀን እንዳናጠፋው አደራ የሁላችንም ነው።