ኮሌስትሮል በወጣትነት ዕድሜ

ኮሌስትሮል በሰውና በእንስሳት ሰውነት ውስጥ የሚገኝ፣ ሰም የሚመስል የስብ ዓይነት ነው። ሰውነት የሕዋሶችን ሽፋን ለመሥራት፣ ቫይታሚን ዲንና አንዳንድ ሆርሞኖችን ለማዘጋጀት ይጠቀምበታል። አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነት ራሱ ነው፤ ቀሪው እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ካሉ ምግቦች ይገኛል። በደም ውስጥ ሲበዛ ለልብ በሽታ ያጋልጣል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ቢሆንም፣ አጀማመሩ በተማሪነት ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

በደም ውስጥ ያለው ጉዞ

ስብ ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጭኖ ነው። ኤልዲኤል የተባለው ዓይነት ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል፤ ስለዚህ በተለምዶ «መጥፎ ኮሌስትሮል» ይባላል። ኤችዲኤል ደግሞ ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት ስለሚመልስ «ጥሩ ኮሌስትሮል» ይባላል። ክምችቱ ለዓመታት እያደገ ቧንቧውን ያጠብባል። ከተሰነጠቀም ደም በላዩ ላይ ይረጋና ወደ ልብ የሚሄደውን ደም ሊዘጋ ይችላል።

በወጣቶች ላይ የተገኘ ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ1953 ኢኖስ፣ ሆምስና ቤየር የተባሉ ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ያህል ነበር። ከመቶ 77 በሚሆኑት የልብ ደም ቧንቧ ላይ የበሽታው ምልክት ተገኘ። ከጥናቱ በፊት ወጣቶችና ጤነኞች ይባሉ ስለነበር ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

የሰውነት ስብ

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ይልቅ ለልብ አደገኛ ነው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይሁን እንጂ ቀጭን መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከ250 ሰዎች አንዱ ያህል ከወላጅ በሚወረስ ችግር ምክንያት ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍተኛ ኤልዲኤል አለው፤ ይህም ከክብደቱ ጋር የግድ አይያያዝም።

ምርመራ

ከፍተኛ ኮሌስትሮል ብዙውን ጊዜ ሕመምም ሆነ ሌላ ምልክት የለውም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። በአጠቃላይ ለአዋቂ ሰው ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች፣ ኤልዲኤል ደግሞ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል። ወላጁ ወይም ወንድምና እህቱ በለጋ ዕድሜ በልብ በሽታ የተያዘበት ተማሪ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ምግብና ልማድ

ኤልዲኤልን ይበልጥ የሚጨምረው በምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን የረጋ ስብ ነው። ለምሳሌ የፓልም ዘይት ከዕፅዋት ስለሚገኝ ኮሌስትሮል የለውም፤ ግማሽ ያህሉ ግን የረጋ ስብ ነው። በዚህ ምክንያት በጠርሙስ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ መጻፉ ዘይቱ ለልብ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። የኑግና የሱፍ ዘይት የረጋ ስብ መጠናቸው አነስተኛ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በውስጣቸው ባለው አሰር ኤልዲኤልን ለመቀነስ ይረዳሉ። የጾም ምግብም ቢሆን ጠቀሜታው በሚሠራበት ዘይት ዓይነትና መጠን ይወሰናል።

ሲጋራ ማጨስ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፣ የደም ቧንቧንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በመራመድ ሊሟላ ይችላል።