የኬንያ የ2007 የፕሬዝዳንት ምርጫ ውዝግብና የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን

በደቡብ የምታዋስነን ኬንያ ዲሴምበር 27 ቀን 2007 ያካሄደችው የፕሬዝዳንት ምርጫ ውጤቱ በማወዛገቡ፣ ከሁለት ወራት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እስከ 600 ሺህ የሚገመቱት ደግሞ ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። የጠቡ መነሻ የድምፅ ቆጠራ ነበር። እንዲያ እንዲባባስ ያደረገው ግን ለአሥርት ዓመታት በማዕከላዊው መንግሥት እጅ የተከማቸው ሥልጣን ነው። ኬንያውያን ከዚያ በኋላ የቆጠራውን አሠራር ብቻ ሳይሆን የሥልጣኑን መጠንም ለማሻሻል ተነሥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሥልጣን በናይሮቢ እንዴት ተከማቸ?

በኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሲሆን፣ በኬንያ ግን ሕዝቡ ፕሬዝዳንቱን በቀጥታ ይመርጣል። አገሪቱ በ1963 ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነፃ ስትወጣ የተቀበለችው ሕገ መንግሥት ለክልሎች የየራሳቸውን ምክር ቤትና የራሳቸውን ጉዳይ የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። በስዋሂሊ ቋንቋ «ማጂምቦ» የተባለው ይህ ሥርዓት ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1964 አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ጆሞ ኬንያታ የርእሰ ብሔርነትንና የርእሰ መንግሥትነትን ሥልጣን አጣምረው ያዙ። የክልሎቹ ሥልጣን ደረጃ በደረጃ ተወሰደ፤ ሴኔቱም በ1966 ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ከክፍለ ሀገር ኮሚሽነር አንሥቶ እስከ ታችኛው የአካባቢ ሹም ድረስ ያለው የአስተዳደር መዋቅር ከፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ የሚቀበል ሆነ። በዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን በ1982 ኬንያ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። በ1988 ደግሞ የዳኞች የሥራ ዋስትና ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። በ1991 የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ቢመለስም የፕሬዝዳንቱ ሥልጣን እምብዛም አልተነካም።

መንገድ የሚሠራበት ቦታ የሚወሰነው፣ የመንግሥት መሬት የሚታደለውና ሹመት የሚሰጠው ከናይሮቢ ነበር። በመሆኑም «የእኛ ሰው» ቤተ መንግሥት መግባቱ ለአንድ አካባቢ ነዋሪ የመንገድና የመሬት፣ የትምህርት ቤትና የሥራ ጉዳይ ሆነ። የተሸነፈው ወገን ለአምስት ዓመት ከማዕድ የተባረረ ያህል ይሰማው ነበር።

የ2007 ምርጫ

ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዝዳንት ምዋይ ኪባኪና የተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋ ነበሩ። በቆጠራው መጀመሪያ ኦዲንጋ ሲመሩ ቆዩ፤ ከዚያ ልዩነቱ እየጠበበ መጣ። ዲሴምበር 30 ቀን የምርጫ ኮሚሽኑ ኪባኪ 4,584,721፣ ኦዲንጋ 4,352,993 ድምፅ ማግኘታቸውን አስታወቀ። ልዩነቱ 231,728 ድምፅ ነበር። ኪባኪ በዚያው ምሽት በቤተ መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ውጤቱ እምነት ያጣባቸው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ፓርቲዎች በ1997 በተስማሙት መሠረት የኮሚሽኑ አባላት በምክክር መሾም ሲገባቸው፣ ፕሬዝዳንቱ ከምርጫው በፊት አዳዲስ አባላትን ተቃዋሚዎችን ሳያማክሩ ሾመዋል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች የተገለጸው ቁጥርና ናይሮቢ ላይ የተነገረው ቁጥር እንደማይመሳሰል የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ጠቁመዋል። ሦስተኛ፣ ተቃዋሚዎች ዳኞቹን የሚሾመው ፕሬዝዳንቱ ስለሆነ ፍትሕ አናገኝም በማለት ወደ ፍርድ ቤት አልሄዱም። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሳሙኤል ኪቩይቱ ራሳቸው ውጤቱን ካወጁ ከቀናት በኋላ፣ ኪባኪ በእርግጥ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

በገበሬውና በከተሜው ላይ የደረሰው ጉዳት

አቤቱታ የሚቀርብበት የታመነ ቦታ ባለመኖሩ ጉዳዩ ወደ ጎዳና ወጣ። ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረደ የመሬት ቅሬታ በነበረበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 በኤልዶሬት አቅራቢያ በኪያምባ መንደር በቤተ ክርስቲያን ተጠልለው የነበሩ ሰዎች፣ በአብዛኛው ሴቶችና ሕፃናት፣ በእሳት ተቃጥለው ሞቱ። በናኩሩና በናይቫሻ ከተሞች የበቀል ጥቃት ተከተለ። ሁከቱን የመረመረው ኮሚሽን እንደገለጸው፣ ከሟቾቹ ከሲሶ የሚበልጡት በጥይት የተመቱ ነበሩ።

የስምጥ ሸለቆ የኬንያ ዋነኛ የበቆሎ አምራች ነው። የተሰበሰበ እህል በጎተራው ተቃጠለ፤ የተፈናቀሉ ገበሬዎችም ለቀጣዩ የዘር ወቅት ማሳቸው ላይ አልደረሱም። ከሞምባሳ ወደብ የሚነሣው መንገድ በመዘጋቱ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ነዳጅ እጥረት ተፈጠረ፤ ዋጋውም ናረ።

ዕርቁና ምርመራው

የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በመሩት ድርድር፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ሁለቱ ተቀናቃኞች ሥልጣን ለመጋራት ተፈራረሙ። ኪባኪ በፕሬዝዳንትነት ቀጠሉ፤ ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ምርጫውን የመረመረው በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ዮሐን ክሪግለር የተመራው ኮሚሽን፣ የቆጠራው ሂደት ክፉኛ ከመበላሸቱ የተነሣ ማን እንዳሸነፈ ማረጋገጥ እንደማይቻል ደመደመ። ያ ሁሉ ሕይወት የጠፋበት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

የ2010 ሕገ መንግሥት ምን ለወጠ?

ኦገስት 4 ቀን 2010 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ 67 በመቶ ያህል መራጮች አዲሱን ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ለውጦቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የማዕከሉን ሥልጣን ይመለከታል። አገሪቱ በ47 ካውንቲዎች ተከፈለች፤ እያንዳንዱ ካውንቲ በሕዝብ የሚመረጥ አገረ ገዥና ምክር ቤት አለው። የግብርና አገልግሎት፣ የአካባቢ ጤና ተቋማት፣ የካውንቲ መንገዶችና የቅድመ መደበኛ ትምህርት ወደ ካውንቲዎች ተላለፉ። ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲሰጥ ተደነገገ፤ ሴኔቱም ተመለሰ። በፕሬዝዳንት ምርጫ የተሸነፈ ወገን በራሱ ካውንቲ ሥራና በጀት የሚኖረው ሆነ።

ሁለተኛው ምርጫውን ይመለከታል። ፕሬዝዳንት ለመሆን ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በ24 ካውንቲዎች በእያንዳንዳቸው 25 በመቶ ማግኘት ግዴታ ሆነ። ቅሬታ ያለው ወገን ውጤቱ በታወጀ በ7 ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ይላል፤ ፍርድ ቤቱም በ14 ቀን ውስጥ ይወስናል። እስከዚያ ድረስ ቃለ መሐላ የለም።

ሦስት ፈተናዎች

በ2013 ኦዲንጋ ያቀረቡትን አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገ፤ እርሳቸውም ውሳኔውን ተቀበሉ። በ2017 ግን ፍርድ ቤቱ በስልጣን ላይ የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ ያሸነፉበትን ምርጫ ሴፕቴምበር 1 ቀን ሰረዘ። ይህ በአፍሪካ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ኦዲንጋ ኮሚሽኑ አልተስተካከለም በማለት ከድጋሚው ምርጫ ወጡ፤ በተከተለው ተቃውሞም ሰዎች ሞተዋል።

በ2022 ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት የምርጫ ጣቢያዎች የተላኩትን የውጤት ቅጾች ማንም እንዲያያቸው በኢንተርኔት ለቀቀ። ማንበብና መደመር የሚችል ዜጋ ሁሉ በመንደሩ የተቆጠረውን ናይሮቢ ከተነገረው ጋር ማመሳከር ቻለ። ዊልያም ሩቶ 7,176,141፣ ኦዲንጋ 6,942,930 ድምፅ አገኙ። ከሰባቱ የኮሚሽኑ አባላት አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ቢሉም፣ ክርክሩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ውጤቱን አጸኑ።

በ2022 የነበረው ልዩነት 233,211 ድምፅ ነው፤ ከ2007ቱ የሚበልጠው በ1,483 ብቻ ነው። በተመሳሳይ ልዩነት የተጠናቀቁ ሁለት ምርጫዎች፣ አንደኛው ወደ እልቂት፣ ሌላው ወደ ችሎት አመሩ።

ያልተዘጉ ጥያቄዎች

የማዕከሉ ሥልጣን ተመልሶ እንዳያብጥ ያለው ስጋት አልጠፋም። አገረ ገዥዎች የካውንቲዎች በጀት በወቅቱ አይለቀቅም በማለት በተደጋጋሚ ያማርራሉ። ግብርና የካውንቲዎች ሥራ ቢሆንም የማዳበሪያ ድጎማውን የሚመራው ብሔራዊው መንግሥት ነው። ፕሬዝዳንቱ የሚሾሟቸው የካውንቲ ኮሚሽነሮችም ከተመረጡት አገረ ገዥዎች ጎን ይሠራሉ። በሌላ በኩል፣ ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ ሙስናም አብሮ ወርዷል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ በሙስና የተከሰሱ አገረ ገዥዎችም ጥቂት አይደሉም።

ተቋሙም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። የምርጫ ኮሚሽኑ ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ ያለ ኮሚሽነሮች ቆይቷል። የሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ በኦገስት 2027 ይካሄዳል። የዚያን ጊዜም የኬንያ ገበሬና ከተሜ ደኅንነት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በየመንደሩ የተቆጠረው ድምፅ ሳይለወጥ ናይሮቢ በመድረሱ፣ የተሸነፈውም ወገን በማግስቱ የሚያጣው ነገር ሁሉን ባለመሆኑ።