ያለ እርሾ ኩፍ የሚለው የአየርላንድ ዳቦ

«ባህላዊ ዳቦ» ስትሉ ስንት ዘመን ያስቆጠረ ነገር ይታያችኋል? የአየርላንድ ገጠር መለያ የሆነው የሶዳ ዳቦ እኮ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የድሃው ገበሬ ዋና ምግብ ድንች ነበር። የአጃ ቂጣም ይጋገር ነበር። ታዲያ በእርሾ ኩፍ ያለ የስንዴ ዳቦ በየጎጆው ለምን አልተለመደም? አንደኛ፣ በዚያ እርጥብ አየር የሚበቅለው ስንዴ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ያንሰዋል። እርሾ ቀስ እያለ የሚያወጣውን ጋዝ ለሰዓታት አፍኖ የሚይዘው ደግሞ ግሉተን ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ጎጆ ፎርኖ አልነበረውም።

መፍትሔው ከኬሚስትሪ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1791 ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን ከጨው ሶዳ የሚሠራበትን ዘዴ አስመዘገበ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች ሶዳ በብዛት ሲያመርቱ ቤኪንግ ሶዳ ረክሶ ገጠር ድረስ ገባ። ቅቤ ከሚናጥበት ቤት አሬራ አይጠፋም። የአሬራው አሲድ ሶዳውን ሲያገኝ ወዲያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ ሊጡ ብዙ ሳይታሽ፣ ጋዙ ሳያመልጥ ቶሎ መጋገር አለበት። የግሉተኑ ማነስም እዚህ ላይ ጥቅም ሆነ፤ ዳቦው ለስላሳ ይወጣል።

የፎርኖውን ቦታ የያዘው ባለክዳን የብረት ድስት ነበር። ከረግረግ መሬት ተቆርጦ የሚደርቀው ማገዶ፣ ፒት፣ ከሥር ይነድ ነበር፤ ፍሙ ክዳኑም ላይ ይደረግ ነበር። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣ ነበር ማለት ነው። ሊጡ ላይ በቢላ መስቀል ይሰመርበታል። አንዳንዱ «ለበረከት ነው» ይላል፤ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ እንዲዘልቅ ግን ይረዳል። በሰሜን ደግሞ ሊጡ ለአራት ተቆርጦ ምጣድ ላይ ይጋገራል።

በ1845 የድንች በሽታ ገባ። እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በድንች ብቻ መኖር ምን እንደሚያስከፍል ከታየ በኋላ ነው የሶዳ ዳቦ በገጠሩ ቤት የዕለት ምግብ እየሆነ የመጣው። ዛሬ «የጥንት» የምንለው ዳቦ የፋብሪካ ዱቄት፣ የእናቶች ብልሃትና የዚያ መከራ ውጤት ነው።

ኬሚስትሪውን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ አሬራ ላይ አንድ ቁንጥር ሶዳ ጣል አድርጉ። ወዲያው አረፋ ይደፍቃል።