በፈትል የተሰፉ መጻሕፍት

ዘንድሮ ክረምቱ ሽሮ ሜዳ ላይ ጠንክሮ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የሰፈራችንን ቁልቁለት እያጠበ ሲያልፍ፣ የእኔም ጉልበት ብርዱን ስለማይችል፣ ሐምሌንና ነሐሴን መስኮት ሥር ተቀምጬ አሳለፍኩ። አምስት መጽሐፍ ጨረስኩ። አራቱን ድሮ አንብቤአቸው ነበር፤ አምስተኛው አዲሴ ነው። አንዱ የጎጃም የፍቅር ታሪክ፣ አንዱ የአስመራ ዘመቻ፣ አንዱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ አንዱ የስለላ ትርጉም፣ የመጨረሻው የአንድ ትልቅ ሰው የሕይወት ታሪክ።

ሃያሲ አይደለሁም። ዕድሜዬን የሀገር ልብስ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የማነበው ደስ ስለሚለኝ ነው። ዘንድሮ ግን ስለየመጽሐፉ ለመጻፍ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከታሪኩ በፊት ትዝ የሚለኝ መጽሐፉ መጀመሪያ በምን መንገድ እጄ እንደገባ ሆነ። ለእኛ ለጉለሌ ልጆች መጽሐፍ ከሱቅ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። በኪራይ፣ በውሰት፣ በሬዲዮ፣ አንዳንዴም በድብቅ ነው የመጣልን።

ከእኛ በላይ ያለው ተራራ ከመጽሐፍ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተማሩት እንጦጦ ራጉኤል ነው። በኋላ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1900፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ የታተመው ሮም ነበር፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ነው። ይህ ሁሉ ግን የሊቃውንትና የመኳንንት ታሪክ ነው። መጽሐፍ ከራጉኤል ቁልቁል ወርዶ እኛ ቤት፣ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ቤት፣ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል።

እኛ ዘንድ ያደረሰው የመጽሐፍ ኪራይ ቤቱ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ በስተግራ፣ በሁለት ሱቆች መሐል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ወርዷ የአንድ አልጋ ያህል ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እያለ ይጠራቸው ነበር። መጽሐፍ የሚያከራዩት በቀን በስሙኒ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ይጨምራል። ለማስያዣ ገንዘብ የሌለው የተማሪ መታወቂያውን ይተዋል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ እናቱን ያስጠራል። ስማችን፣ የመጽሐፉ ስምና የመመለሻው ቀን የሚጻፍበት ረጅም የሒሳብ መዝገብ ነበራቸው። አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ይደረግበታል። ሦስት ነጥብ ያለው በቅድሚያ ሳይከፍል መጽሐፍ አይነካም።

የመጽሐፎቹ የራሳቸው ሽፋን አይታይም ነበር። ሁሉም የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ርዕሱ በጋሼ እጅ ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል። ብዙ እጅ ሲነካካው ወረቀቱ እየለሰለሰ ቆዳ ይመስላል። ጥራዙ ሲበተን ግን ጋሼ አይችሉም፤ ወደ አባቴ ይልኩታል። አባቴ ከመሥሪያው ጉድጓድ ሳይወጣ ቅጠሎቹን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ በወስፌ በስቶ፣ ለሸማ በተዘጋጀው ፈትል እጥፍ አድርጎ ይሰፋቸው ነበር። ክሩን ቀድሞ በሰም ያሸዋል። ገንዘብ አይቀበልም። ዋጋው የእኔ ንባብ ነበር፤ እሱ የሰፋውን መጽሐፍ እኔ ያለ ስሙኒ አነባለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው ገና ጡት ሳላወጣ የማሞ ውድነህን «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ያነበብኩት። ዘንድሮ ስደግመው ታሪኩ እንደ ድሮው ልቤን አላንጠለጠለውም፤ መጨረሻውን ስለማውቅ ይሆናል። ቃሉ ግን ያው አስፈሪ ነው። ያኔ ጆሮ ጠቢ የሚባለው ካይሮ ያለ ሰው ብቻ አልነበረም፤ እናቴ ያንን ርዕስ ጮክ ብዬ እንዳላነብ ትከለክለኝ ነበር።

የአንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠሎች የሉም። ጋሼ እነዚያን ገጾች ከሌላ ቅጂ በደብተር ወረቀት ላይ በእጃቸው ገልብጠው ለአባቴ ይሰጡታል፤ አባቴም ከኅትመቱ ጋር አብሮ ይሰፋዋል። ስለዚህ የብዙ ልብ ወለድ ፍጻሜ እኔ ዘንድ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያወቅሁት ግን በዓይኔ አይደለም። በ1958 የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰማሁት። አባቴ ከመሥሪያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሬዲዮኑን በሚስማር ሰቅሎት ነበር። ቀኑን ሙሉ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ የምንሰማው ድምፅ የቤታችን የልብ ምት ነበር ማለት ይቻላል። የወጋየሁ ድምፅ ሲጀምር መወርወሪያው ይቆማል። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደዘረጋ፣ መወርወሪያውን በመዳፉ ይዞ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይሰማል። ጎረቤት ያሉት ሸማኔዎችም መሥሪያቸውን ትተው ደጃፋችን ላይ ይቀመጣሉ። ወጋየሁ ባለርስቱን ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ከሆዱ ይወጣል፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሲሆን ደግሞ ሴት ልጅ እዚያው ቤት ውስጥ የገባች ይመስለን ነበር። ባላገሮቹ ፊታውራሪውን የማረኩ ዕለት ደጃፋችን ላይ የተሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። በእጅ ሥራቸው ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ሳቅ ነበር፤ ዘር የሚቆጥር ጌታ በገበሬ እጅ ሲገባ ማን እንደነሱ ይስቃል?

አባቴ ያኔ ማንበብ አይችልም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ታውጆ፣ ትምህርቱ በየቀበሌው በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ እሱም ማታ ማታ አዳራሽ ሄዶ ፊደል ቆጠረ። አርባ ዓመት አልፎት ነበር። መምህሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ አባቴ ልጁን «የኔታ» እያለ ይጠራው ነበር። ከሰርተፊኬቱ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ ያንኑ መጽሐፍ ከጋሼ እንድከራይለት ነው። በጣቱ እየተከተለ፣ በአንድ ምሽት አንድ ገጽ እያነበበ፣ ወራት ፈጀበት። ኪራዩ ከመጽሐፉ ዋጋ ሳይበልጥ አልቀረም። ጋሼ ግን መዝገቡ ላይ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ምንም አልጻፉም።

ልጅ ሳለሁ ለፍቅረኞቹ ለሰብለና ለበዛብህ አለቀስኩ። ዘንድሮ ያስለቀሰችኝ የበዛብህ እናት ውድነሽ ናት። ልጇን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጥ ፍቅር እንጂ ክፋት አልነበራትም፤ ያ ሁሉ መከራ ግን ከእሷ ስለት ይጀምራል። እናት ካልሆኑ ይህ አይታይም። እኔን ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሁሉም ሥርዓቱን ወደሚነቅፈው ወደ ጉዱ ካሳ መሮጡ ያሳዝነኛል። ጉዱ ካሳ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የደራሲው ትልቅ ጥበብ ያለው የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ፣ ልጅ አጥታ በምትጨነቀው ሴት ዙሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» እጄ የገባው ለአንድ ሌሊት ነው። በ1975 ኩራዝ አሳትሞት፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንደተሰበሰበ ሁላችንም ሰምተናል። መጽሐፍ ማገድ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በንጉሡ ጊዜም በ1955 የወጣው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዶ ነበር። ጋሼ «ኦሮማይ»ን መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም፤ መኖሩንም ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ወደ ማታ የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ያለው ነገር ሰጥተውኝ «ነገ ከትምህርት ቤት በፊት» ብቻ አሉኝ። ስሙኒውን አልተቀበሉም። መዝገብም አልወጣም። ያን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ በሻማ ሳነብ ግማሹ አልገባኝም፤ መጽሐፉ የሚተርከውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የማውቀው በመፈክር ብቻ ነበር። የገባኝ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ፊያሜታን መውደዱ ነው። ንጋት ላይ አይኔ ቀልቶ መለስኩት። በየካቲት 1976 በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ጋሼ ያንን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

አሁን ረጋ ብዬ ሳነበው ያየኋት ሮማንን ነው፤ አዲስ አበባ ቀርታ ጸጋዬን የምትጠብቀውን እጮኛውን። ደራሲው ብዙ ገጽ አልሰጣትም፤ እኔ ግን አስመራ ላይ ሙዚቃው በተጫወተ ቁጥር አዲስ አበባ ያለው ስልክ ትዝ ይለኝ ነበር። መጽሐፉ አርባ ዓመት አልፎት በ2017 እንግሊዝኛ ተናግሮ ለንደንና ኒውዮርክ መድረሱን ስሰማ ጋሼ በሕይወት ባለመኖራቸው በጣም አዘንኩ።

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው ነቢይ መኮንን ነው፤ የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣው ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ ወረቀቱም በሰው እጅ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ነው መጽሐፍ የሆነው። ይህን ሳላውቅ አንብቤው ነበር። አውቄ ስደግመው ግን እያንዳንዱ አረፍተ ነገር የፓኮ ወረቀት ያህል ወርድ ያለው መሰለኝ። ባለታሪኳ ስካርሌት ገንዘብ ፍለጋ ስትሄድ ድህነቷ እንዳይታወቅባት ከመጋረጃ ቀሚስ ታሰፋለች። ጨርቅ ነጋዴ ስለሆንኩ እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ለትምህርት ቤት በዓል ከአሮጌ ጋቢ ጫፍ ቆርጣ ጥለት የዞረበት ቀሚስ ሰፍታልኝ ነበርና።

አዲሱ መጽሐፍ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ» ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1999 ያሳተመው። ዐድዋን በልጅነት ያየ፣ ሩስያ ሄዶ መድፈኛነት የተማረ፣ ሲመለስ «ፋቡላ»ን ለመድረክ የጻፈ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው በራሱ አንደበት ሲናገር ከየትኛውም ልብ ወለድ ይበልጣል። አማርኛው አይሽሞነሞንም። ሲቆጣ ይቆጣል፤ ሲሳሳትም አንባቢው ስሕተቱን እንዲያይ ይተወዋል። ለወጣቶች አንድ የታሪክ መጽሐፍ ምረጪ ብባል ይህንን እሰጣለሁ።

የኪራይ ቤቱን የዘጋው ቪዲዮ ነው። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ያቺ የቆርቆሮ ቤት የፊልም ካሴት ማከራያ ሆነች፤ ማስያዣውና መዝገቡ ያው፣ መደርደሪያው ብቻ ተለወጠ። መጽሐፉን አዟሪዎች ተረከቡት፤ ከሆዳቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው በየካፌው የሚዞሩት ልጆች። አሁን ወረቀት ተወድዶ አንድ ልብ ወለድ የአንድ ነጠላ ዋጋ እየተጠጋ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ ወጣት የሞላበት ነው፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ያነባሉ። እኔ ከሰው ጋር ተቀምጬ ሲነበብ መስማት ስለለመድኩ ዝምታው ትንሽ ከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ «ኦሮማይ» እንዳላት ነገረችኝ። ስልኳ ውስጥ ነው ያለው፤ ማን እንደላከላት አታውቅም። አንድ ሰው ከአሮጌ ቅጂ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳው ነው። የእኔን መጽሐፍ ላውስሽ ብላት «አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ በጣቴ ገጹን አሳደግኩት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጥራዙ ላልቶ በመሐሉ ነጭ ክር ይታያል፤ በግራ በኩል፣ በገጹ ጠርዝ ላይ፣ መጽሐፉን ገልጦ የያዘው ሰው አውራ ጣት አለ።